ዊንዶውስ ሲጫን ኤስኤስዲው አልታይ ካለ

ዊንዶውስ 11ን ከፍላሽ ስጭን የዲስክ መምረጫው ገጽ ባዶ ሆነብኝ። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ውስጥ ግን ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲው (የላፕቶፑ ፈጣን ዲስክ) ከነመጠኑ አለ።

ፍላሹን እንደ አዲስ ማዘጋጀት፣ የዩኤስቢ ቀዳዳ መቀየር፣ ኤስኤስዲውን ነቅሎ መሰካት ምንም አልፈየደም። ሺፍትና ኤፍ10 ተጭኜ በዲስክፓርት (ዲስኮችን በሚዘረዝረው የዊንዶውስ ትእዛዝ) ስፈልግም የመጣው ፍላሹ ብቻ ነው። ባዮስ ካየው ደግሞ ዕቃው ሞቷል ለማለት ይቸግራል፤ የጎደለው ድራይቨር (ዊንዶውስ ዕቃውን እንዲያውቅ የሚያደርገው ሶፍትዌር) ነበር።

ከ11ኛው ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ወዲህ ብዙ ላፕቶፖች ቪኤምዲ (ኤንቪኤምኢ ዲስኮችን የሚያስተዳድር የኢንቴል ኮንትሮለር) በርቶ ይመጣሉ። ኤስኤስዲው ከቪኤምዲ ጀርባ ስለሚቀመጥ መጫኛው ያለ ኢንቴል የዲስክ ድራይቨር (አርኤስቲ ይባላል) ላያገኘው ይችላል።

ድራይቨሩን ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ በሌላ ኮምፒውተር አወረድኩ። የወረደውን ኢኤክስኢ ፋይል እንዳለ ፍላሹ ላይ መገልበጥ ዋጋ የለውም (አንድ ሙሉ ምሽት የበላው ይኼ ነው)፤ መጫኛው የሚያነበው ተፈትቶ የሚወጣውን፣ በአይኤንኤፍ የሚያልቀውን ፋይልና አብረውት ያሉትን ነው። የተፈታውን ፎልደር ፍላሹ ላይ አድርጌ «ሎድ ድራይቨር» ውስጥ ገባሁ፣ ስሙ ላይ ቪኤምዲ ያለበትን ኮንትሮለር መርጬ «ኔክስት» ስል ዲስኩ ብቅ አለ።

ቪኤምዲን ከባዮስ ማጥፋትም ይሠራል፣ ለባዶ ዲስክ ከሆነ። ቪኤምዲ በርቶ የተጫነ ዊንዶውስ ካለበት ግን እንዲሁ ቢያጠፉት ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን ላይ ሊቆም ይችላል።