በዳንቴ ሲስተም ላይ የመጠባበቂያ ኔትወርክ እንዴት ይዘረጋል?

ኮንሰርት መሀል አንድ ኬብል ተነቀለ ተብሎ አዳራሹ ጸጥ ማለት የለበትም። ዳንቴ ድምፅን በኔትወርክ ኬብል የሚያስተላልፍ ሲስተም ነው፤ ብዙዎቹ የዳንቴ ሚክሰሮችና ስቴጅ ቦክሶች (መድረክ ላይ ማይኮች የሚሰኩባቸው ሳጥኖች) ፕራይመሪ (ዋና) እና ሰከንደሪ (መጠባበቂያ) የሚባሉ ሁለት የኔትወርክ ሶኬቶች ያሏቸው መስመር ሲቋረጥ ድምፁ እንዳይጠፋ ነው። ድምፁ በሁለቱም መስመር በአንድ ጊዜ ይሄዳል። አንዱ ሲቋረጥ ሌላው ስላለ ለአድማጩ ምንም አይታወቀውም። ይህ የሚሆነው ግን ሁለቱ መስመሮች የትም ቦታ ካልተገናኙ ነው።

መጀመሪያ ሁለት የጊጋቢት ስዊቾች (የኔትወርክ ኬብሎችን የሚያገናኙ ሳጥኖች)፣ ለእያንዳንዱ መስመር አንድ አንድ፣ ያዙ፤ ኃይል ቆጣቢ ኢተርኔት (EEE) የሚባል ቅንብር ካላቸው አጥፉት። አንድ ትልቅ ስዊች ገዝቶ በቪላን (አንዱን ስዊች እንደ ተለያዩ ኔትወርኮች የሚያሠራ ቅንብር) ለሁለት መክፈልም አለ። እኔ አልመክረውም። ኬብል ሲበጠስ ያድናችኋል፤ ስዊቹ ራሱ ሲጠፋ ግን ሁለቱም መስመር አብሮ ይሄዳል። ኬብሉ ካት5ኢ ወይም ካት6 ይሁን፤ ከ100 ሜትር አይለፍ። ፕራይመሪውን በሰማያዊ፣ ሰከንደሪውን በቀይ ለዩት። ጨለማ መድረክ ላይ ጥቅሙን ታዩታላችሁ።

አሁን ጥንቃቄ የሚፈልገው ቦታ ላይ ደረስን። ብዙ ዕቃዎች ስትገዟቸው “ስዊችድ” ሞድ ላይ ናቸው። በዚህ ሞድ ሁለቱ ሶኬቶች ውስጥ ለውስጥ ይገናኛሉ። እንዲህ ያለውን ዕቃ ከሁለቱም ስዊቾች ጋር ካያያዛችሁት ሁለቱን ኔትወርኮች አንድ አደረጋችኋቸው ማለት ነው። ሁለተኛ ዕቃ ሲጨመርበት ደግሞ ዙሩ ይገጥማል። መረጃው መውጫ አጥቶ ይሽከረከራል፣ የስዊቹ መብራቶች ያለ እረፍት ይርገበገባሉ፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ዕቃዎቹም ከዳንቴ ኮንትሮለር (ዕቃዎቹን ከኮምፒውተር የምናስተካክልበት ፕሮግራም) ላይ ብቅ ጥልቅ ይላሉ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። ፕራይመሪውን ብቻ ሰኩ። በዳንቴ ኮንትሮለር ዕቃውን ከፍታችሁ ኔትወርክ ኮንፊግ ውስጥ “ሪደንዳንት” (ሁለቱን ሶኬቶች የሚለያየው ሞድ) የሚለውን ምረጡ። ዕቃው ጠፍቶ ይነሳል። ሁሉንም እንዲህ አንድ በአንድ ጨርሱ። የሰከንደሪ ኬብል የሚሰካው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። አንዳንድ ዕቃ ላይ ይህ የሚስተካከለው በራሱ ሜኑ ወይም በትንንሽ ማብሪያዎች ነው፤ የያማሃ ሪዮ ስቴጅ ቦክሶች ለምሳሌ እንደዚያ ናቸው።

አይፒውን አትንኩት። ፕራይመሪው በ169.254፣ ሰከንደሪው በ172.31 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይይዛል። አንድ ሶኬት ብቻ ያለው ዕቃ ፕራይመሪ ላይ ይሰካል። ኮምፒውተርን ከዳንቴ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም፣ ዳንቴ ቨርቹዋል ሳውንድካርድ፣ ሰከንደሪን ስለማይጠቀም በላፕቶፕ የምትቀዱት ነገር መጠባበቂያ የለውም።

ፓወር ብዙ ሰው ይረሳዋል። እኛ አገር መብራት ሳይታሰብ ስለሚሄድ ለእያንዳንዱ ስዊች የራሱ ዩፒኤስ ይኑረው። ሁለቱን አንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

በመጨረሻ ሙዚቃ ከፍታችሁ ፕራይመሪውን ንቀሉ። ድምፁ ሳይንገጫገጭ መቀጠል አለበት። መልሳችሁ ሰክታችሁ እስኪረጋጋ ጠብቁ፤ ከዚያ ሰከንደሪውን ንቀሉ። ቀጥሎ የአንዱን ስዊች ፓወር አጥፉ። ዝግጅቱ ከተጀመረ በኋላም በዳንቴ ኮንትሮለር ኔትወርክ ስታተስ የሚለውን ገጽ ቶሎ ቶሎ እዩት። አንዱ መስመር ሲሞት ድምፁ ስለማይቋረጥ፣ በአንድ መስመር ብቻ እየሄዳችሁ መሆኑን የሚነግራችሁ እሱ ነው።