የከተማ አስተዳደር ማስታወቂያ ቀኑ ሳያልፍ እንዴት ይደርሳችኋል? ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪ

የዛሬ ሦስት ዓመት ክረምት ላይ አንዲት ጎረቤታችን፣ እትዬ የምንላቸው ትልቅ ሴት፣ የቤታቸውን ካርታ በፌስታል ጠቅልለው በዝናብ አንድ ቢሮ ደረሱ። "ቀኑ አልፏል እኮ እናቴ" ተባሉ። ማስታወቂያው አሥር ቀን ተለጥፎ ነበር። የተለጠፈው ግን ቀን ቀን ተከፍቶ በሚውል የበር ሳንቃ ላይ ነው፤ በሩ ሲከፈት ወረቀቱ ከግድግዳው ጋር ይጋጠማል። ማንም አልዋሻቸውም፣ ማንም ግን አልነገራቸውም። ጉዳዩን ለማስተካከል ወራት ፈጀባቸው። አብሬያቸው ስመላለስ የተማርኩትንና ዛሬ በቤታችን የምንሠራበትን መንገድ በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

1. መጀመሪያ ጉዳዩ የማን እንደሆነ ለዩ

ብዙ ሰው የሚደክመው የማይመለከተው በር ላይ ቆሞ ነው። ደሴ የራሷ ከንቲባና ምክር ቤት ያላት ከተማ ናት፤ የደቡብ ወሎ ዞን መቀመጫም እሷው ናት፤ ከዚህ ሌላ ደሴ ዙሪያ የሚባል ወረዳ አለ። ሦስቱ የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ራስጌው ላይ "ደሴ ዙሪያ ወረዳ" የሚል ወረቀት የሚመለከተው በከተማዋ ዙሪያ ያሉትን የገጠር ቀበሌዎች ነው፤ ፒያሳ ወይም ሸዋ በር የሚኖር ሰው ይህን አይቶ መደናገጥ የለበትም። ኮምቦልቻም ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው፤ ግን አስተዳደሯ ለብቻ ነው፣ ዙሪያዋን ያለው ደግሞ ቃሉ ወረዳ ነው። ሁለቱ ከተሞች በጣም ስለሚቀራረቡ የአንዱ ማስታወቂያ ለሌላው ነዋሪ ሲላክ በየቀኑ አያለሁ።

አገልግሎቱም እንዲሁ ይለያያል። የውሃ ፈረቃና የመስመር ጥገና የከተማው ውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ጉዳይ ነው። መብራት ግን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ ከንቲባው ቢሮ ሄዶ መለመን ምንም አይፈይድም፣ 905 ደውሎ ማስመዝገብ ይሻላል። ከአዲስ አበባ በኮምቦልቻና በደሴ አልፎ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው ዋና አስፋልት በኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ሥር ያለ መንገድ ነው፤ የሰፈር ኮብልስቶን፣ የጎርፍ ቦይና ቆሻሻ ማንሳት የከተማው ነው። በ2009 ዓ.ም የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም የፌዴራሉ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን ነው። መታወቂያ፣ ንግድ ፈቃድ፣ የግንባታ ፈቃድና የይዞታ ጉዳይ ከቀበሌ እስከ ከተማ አስተዳደር ባለው መስመር ያልቃል።

2. በአንድ ምንጭ ብቻ አትተማመኑ

በ2015 ዓ.ም መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ሁሉን ነገር በቴሌግራም የለመድን ሰዎች ዓይነ ስውር ሆነን ነበር። ከዚያ ወዲህ ሦስት መንገድ አብሬ እይዛለሁ።

አንደኛው ሰሌዳው ነው። የቀበሌው፣ ከሱ በላይ ያለው እርከን እና የከተማ አስተዳደሩ ግቢ የየራሳቸው ማስታወቂያ ሰሌዳ አላቸው። ሳምንት በገባ ቁጥር በዚያ የሚያልፍ አንድ የቤት ሰው መድቡ። ገበያ የምትወርድ እህት ወይም ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ ይበቃል፤ ያነበበውን እንዲነግራችሁ ሳይሆን ፎቶ እንዲያነሳ ንገሩት። ሰሌዳውን ብቻ ሳይሆን በሩንና ግድግዳውንም እንዲያይ አደራ በሉት።

ሁለተኛው ጆሮ ነው። ደሴ ኤፍ ኤም ሬዲዮ፣ በመኪና እየዞረ የሚነገረው ማይክ፣ ከሁሉ በላይ ግን ቅሬያችን፣ ሌላ ቦታ ዕድር የሚባለው። የወሎ ቅሬ እስላሙንም ክርስቲያኑንም በአንድ መዝገብ የያዘ፣ ቤት ለቤት የሚተዋወቅ ማኅበር ነው፤ ከዚህ የተሻለ የመረጃ መረብ አላውቅም። በእኛ ቅሬ ዳኛውን ለምነን በወርሃዊው ስብሰባ ላይ የአምስት ደቂቃ ጊዜ ተሰጠን። ጸሐፊው በዚያ ወር የወጡትን ማስታወቂያዎች ያነባል፣ ማንበብ የማይችሉ አባቶችና እናቶች ይጠይቃሉ። እትዬን የሚመለከት ወረቀት ዛሬ ቢወጣ ሳይሰሙ አያድሩም።

ሐምሌና ነሐሴ ግን ወረቀት የሚጠበቅበት ጊዜ አይደለም። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ዝናብ ሲበረታ ተዳፋት ላይ ያለ ቤት የመሬት መንሸራተት ያሰጋዋል። ኮምቦልቻ ደግሞ ቦርከና ሲሞላ የወንዙ ዳር ሰፈር ነው የሚነካው። ሬዲዮው አስጠነቀቀም አላስጠነቀቀም፣ ግድግዳ ሲሰነጠቅ ወይም የቦዩ ውሃ ሲደፈርስ ካያችሁ በዚያው ሰዓት ለቀበሌው ተናገሩ፣ ልጆቹንም አውጡ።

ሦስተኛው ስልክ ነው። የከተማው ኮሙዩኒኬሽን ጽሕፈት ቤት የሚጽፍበትን የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽ አድራሻ ከቢሮው ራሱ ተቀበሉ። በፍለጋ ያገኛችሁት ስም ተመሳሳይ ሊሆን ይችላል። የሊዝና የመንግሥት ግዥ ጨረታ የምትከታተሉ ከሆነ ደግሞ በኩር ጋዜጣ አትለፋችሁ፤ ሰኞ ሰኞ ነው የምትወጣው፣ የጨረታ ገጾቿም ብዙ ናቸው።

3. ወረቀቱን እንደ ባለጉዳይ አንብቡት

ፎቶው እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ ራስጌውን፣ የደብዳቤ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ፊርማውንና ማህተሙን እዩ። ከአምስቱ አንዱ ተቆርጦ የቀረ ፎቶ ከሆነ ሙሉውን አስልኩ። ከዚያ ዓመተ ምህረቱን ተመልከቱ። የአምና የውሃ ፈረቃ ዘንድሮ እንደ አዲስ ሲዞር አይቻለሁ። ፌስቡክ የሚያሳየው ቀን የፈረንጅ ነው፤ ስልካችሁ 9 ሰዓት ሲል ደግሞ እኛ ጋ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። በዚህ ምክንያት ስብሰባ ያመለጣቸው ሰዎች አሉ።

ሰው የሚጎዳበት ትልቁ ነገር ግን የቀን አቆጣጠር ነው። "ለ10 ተከታታይ ቀናት" እና "ለ10 ተከታታይ የሥራ ቀናት" አንድ አይደሉም። ማስታወቂያው ሐሙስ ወጣ እንበል፤ ሐሙስን አንድ ብለን ብንቆጥር የመጀመሪያው በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ያልቃል። ሁለተኛው ቅዳሜና እሑድን ስለሚዘል በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ ነው የሚያልቀው፤ መሐል ላይ በዓል ካለ ደግሞ ይገፋል። የወጣበት ቀን ራሱ መቆጠር አለመቆጠሩን ቢሮውን ጠይቁ፣ እናንተ ግን ሁልጊዜ አጭሩን ቆጥራችሁ ቅረቡ። የመጨረሻዋን ቀን በግድግዳ ካላንደር ላይ በቀይ እስክሪፕቶ አክብቡ፤ እኛ ቤት ካላንደሩ ምጣድ ቤቱ በር ላይ ነው የተሰቀለው፣ ሁሉም እንዲያየው።

4. ከማጋራታችሁ በፊት አረጋግጡ

የሰማችሁት ነገር ቤት ማፍረስን፣ ምዝገባን ወይም ክፍያን የሚመለከት ከሆነ ቢሮው ሄዳችሁ ወይም ደውላችሁ የደብዳቤውን ቁጥር ጠይቁ። "ቁጥሩ ስንት ነው?" የሚለው ጥያቄ ብቻውን ወሬንና ወረቀትን ይለያል። ገንዘብ በግለሰብ ስም ወይም በግል ስልክ ቁጥር ላክ የሚል ነገር ሲመጣ አትላኩ። ለመንግሥት የሚከፈል ገንዘብ ደረሰኝ አለው። ቢሮዎቹ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የዜጎች ቻርተርም ፎቶ አንሱት፤ አገልግሎቱ በስንት ጊዜ እንደሚያልቅ፣ ምን ማስረጃ እንደሚጠየቅና ክፍያው ስንት እንደሆነ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

5. ያልተለጠፈውን በጽሑፍ ጠይቁ

ይህን ደረጃ ሰው ይፈራዋል። ሊፈራው አይገባም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል፤ በ2000 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ደግሞ ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ለምን እንደፈለጋችሁት እንድትናገሩ አትገደዱም። በቃልም መጠየቅ ይቻላል፣ ጽሑፍ ግን ማስረጃ ይሆናል።

ደብዳቤው አንድ ገጽ አይሙላ። ከላይ ቀኑን፣ "ለ" ብላችሁ የመሥሪያ ቤቱን ስም፣ ቀጥሎ "ጉዳዩ፦ መረጃ ስለመጠየቅ" ጻፉ። የምትፈልጉትን በትክክል ጥቀሱ። "ስለ ሰፈራችን መንገድ ይገለጽልን" ካላችሁ የምታገኙት የቃል ማባበያ ነው። "ከመስጊዱ እስከ ወፍጮ ቤቱ ለሚሠራው ኮብልስቶን የተያዘው በጀት፣ ሥራውን የወሰደው ተቋራጭና የማጠናቀቂያው ቀን የተጻፈበት ሰነድ ቅጂ ይሰጠኝ" ስትሉ ግን መልሱ ቁጥር ነው የሚሆነው። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ መዝገብ ቤት ግቡ፤ አንዱን ሰጥታችሁ በእናንተ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ማህተም አስደርጉ። ያለዚያ ማህተም "አልደረሰንም" የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል፣ የምትከራከሩበትም ነገር የለም።

አዋጁ መልስ የሚሰጥበትን ጊዜ 30 ቀን አድርጎታል። ከተከለከላችሁ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ በዚያ ካልተስማማችሁ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይቻላል። እኔ እስካሁን የጻፍኳቸው ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከበላይ ኃላፊው አላለፉም። ማህተም ያረፈበትን ቅጂ ሳሳይ የተለየ ፊት ነው የገጠመኝ፤ ባለሙያዎቹም ቢሆኑ የሚይዙት ወረቀት ሲያገኙ ሥራው ይቀልላቸዋል።

6. በጀቱ ሳይጸድቅ ተናገሩ

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ስለ ቦያችሁና ስለ መንገዳችሁ የምትናገሩት መስከረም ላይ ከሆነ የዓመቱ ዕቅድ አልቋል። ግንቦትና ሰኔ ላይ የሚጠራ የነዋሪዎች ስብሰባ ካለ ሂዱ፤ ካልተጠራም ለቀበሌውና ለምክር ቤት ተወካያችሁ በቅሬው ስም ፈርማችሁ አስገቡ። የአንድ ሰው እሮሮና የመቶ አባወራ ፊርማ እኩል አይታዩም።

7. አገር ውጭ ያላችሁ

ከደሴና ከኮምቦልቻ ስንቱ ልጅ ነው አረብ አገር እየሠራ እዚህ ቤት የሚያቆመው። በአንድ ሰፈር የይዞታ ማረጋገጥ ሥራ ሲጀመር ባለቤቱ ወይም ወኪሉ እንዲቀርብ ይጠራል፤ በርቀት ያለ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ካለፈ በኋላ ነው። ከቤተሰቡ አንድ ሰው መድቡ፣ የሰሌዳውን ፎቶ በየሳምንቱ በኢሞ ወይም በዋትስአፕ ይላክላችሁ፤ ምንም አዲስ ነገር ባይኖር እንኳ ባዶውን ሰሌዳ ያንሳው። ውክልናውን ግን ጥሪ እስኪመጣ አትጠብቁ። ውጭ አገር የሚሰጥ ውክልና በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ተፈርሞ፣ እዚህ ደግሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ነው ሥራ ላይ የሚውለው፤ ይህ ሁሉ በአሥር ቀን ማስታወቂያ ውስጥ አይደርስም። ዋናው ወረቀት በታመነ ሰው እጅ ይምጣ፣ እናንተ ጋ ደግሞ ፎቶው ይቀመጥ።