በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ (ፍሪስታይል) ዋና ትንፋሽ ማጠርን እንዴት ፈታሁት

ሁለተኛው 50 ሜትር ላይ እግሬ ይሰምጥ፣ ትንፋሼም ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። መፍትሔውን ያገኘሁት ከጭንቅላቴ አቀማመጥ ነው። አንገት ቀና ሲል ዳሌ ይወርዳል፤ ውሃውም ወደ ኋላ ይጎትታል። አሁን የገንዳውን ወለል እያየሁ ነው የምዋኘው። አየር ለመሳብ ከነወገቤ እዞራለሁ፤ አንዱ ዓይኔ ውሃ ውስጥ ይቀራል።

ትልቁ ለውጥ ግን አየር ማስወጣቱ ነው! ፊቴ ውሃ ውስጥ እያለ በአፍንጫዬ ቀስ እያልኩ አረፋውን እለቀዋለሁ። ታፍኖ የቆየ አየር ደረት ያስጨንቃል፤ አዲሱን ለማስገባትም ጊዜ ያሳጣል። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ስለዚህ ልዩነቱ ቶሎ ይታወቃል።

ውድድር ላይ ጎኔ ያለውን ዋናተኛ አላይም። የመጀመሪያውን 50 እጄን በረጅሙ እየዘረጋሁ፣ ሳልጣደፍ እጨርሳለሁ። ከታጠፍኩ በኋላ ያለኝን ሁሉ እሰጣለሁ።