«የአይቲ ባለሙያ እንፈልጋለን»፦ የቤተ መጻሕፍት የሥራ ማስታወቂያዎች የሚሳሳቱባቸው ቃላት

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ፣ አንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው ይህን ያስጻፈኝ። «የሥራ መደቡ መጠሪያ፦ የአይቲ ባለሙያ። ብዛት፦ 1። ተፈላጊ ችሎታ፦ በኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ተመሳሳይ የትምህርት መስክ የመጀመሪያ ዲግሪና 2 ዓመት የሥራ ልምድ። ደመወዝ፦ በስምምነት።» ከታች ስልክ ቁጥር አለ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች ማኅተሙ ሸፍኗቸዋል። ሰው የሚፈለገው ለአንድ የግል ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት መሆኑን የነገረኝ እዚያው የሚሠራ ወዳጄ ነው እንጂ ወረቀቱ ላይ «ቤተ መጻሕፍት» የሚል ቃል አንድም ጊዜ አልተጻፈም።

በቤተ መጻሕፍት ሙያ ስቆይ እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ እንደ አመልካችም እንደ ፈታኝም አንብቤዋለሁ። ቃላቱ ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው።

«የአይቲ ባለሙያ»

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። በቤተ መጻሕፍት ውስጥ «ቴክኖሎጂ» የሚባለው ቢያንስ ሦስት ሥራ ነው። አንደኛው ሰርቨሩን መጠበቅ፣ መረጃው በየዕለቱ በሌላ ቦታ መቀመጡን ማረጋገጥ ነው። ሁለተኛው መጻሕፍቱን በማርክ 21 (የመጽሐፍ መረጃ በኮምፒውተር ካታሎግ ውስጥ የሚጻፍበት ዓለም አቀፍ ደንብ) መመዝገብ ነው። ሦስተኛው የመመረቂያ ጽሑፎችን በዲጂታል ማከማቻ ማደራጀት ነው። በትንሽ ኮሌጅ አንድ ሰው ሦስቱንም ቢሠራ ነውር የለውም፤ ነገር ግን ከሳምንቱ አብዛኛውን ቀን የሚወስደው የትኛው እንደሆነ ይጻፍ።

በዚህ ዓይነት ማስታወቂያ የተቀጠረ አንድ ወጣት አውቃለሁ። ሰርቨር ሲነካ እጁ ወርቅ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ግን ከመሬት እስከ ወገቡ የሚደርስ የመጻሕፍት ክምር አሳይተው «እነዚህን መዝግብ» አሉት። እርሱም መዘገበ፤ የአሳታሚውን ስም በደራሲው ቦታ፣ የመደርደሪያ ቁጥሩን በማስታወሻው ቦታ እያስገባ። ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም። ያንን ለማቃናት ግን ሁለት ቅዳሜዬን በልቶብኛል።

«ኮሃ፣ ዲስፔስና ግሪንስቶን፣ 5 ዓመት ልምድ»

ይህኛው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሰሙትን ሶፍትዌር ሁሉ መደርደር። ኮሃ ኒውዚላንድ ውስጥ ለአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ ላይ የዋለ ነው፤ ስሙ በማኦሪ ቋንቋ «ስጦታ» ማለት ነው። ውሰትና ምላሽን፣ ካታሎግንና የአባላት መዝገብን ያስተዳድራል። ዲስፔስ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋምና በሂውሌት ፓካርድ ትብብር እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ሲሆን ጥናቶችንና የመመረቂያ ጽሑፎችን ያከማቻል። ግሪንስቶን ደግሞ የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ስብስብ ማዘጋጃ ነው። የአንዱ ባለሙያ የሌላውም ባለሙያ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ የምትጠቀሙበትን ብቻ ጥቀሱ፤ ስንተኛው ስሪት እንደሆነ፣ ሰርቨሩ ግቢያችሁ ውስጥ ይሁን ሌላ ቦታ ተከራይታችሁ፣ ጨምሩበት። ገና ያልጫናችሁ ከሆነም «ከባዶ የሚጀምር» ብላችሁ ጻፉ፤ ይህን ሲያነብ የሚሸሽ አለ፣ ይህን ሲያነብ የሚመጣም አለ። ሦስቱም ሶፍትዌሮች በነፃ የሚገኙ መሆናቸው ደግሞ አንዳንድ አለቃ «ሠራተኛውም በርካሽ ይገኛል» ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል። ሲበላሽ የሚደወልለት ሻጭ የለም፤ የሚደወለው ለዚሁ ለቀጠራችሁት ሰው ነው።

«ወይም ተመሳሳይ የትምህርት መስክ»

ተመሳሳይነቱን የሚወስነው ማን ነው? በተግባር ሲታይ የምዝገባ መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። አንዲት አመልካች ማስረጃዋን በመስኮቱ ስታስገባ ከኋላዋ ተሰልፌ ነበር። ዲግሪዋ በኢንፎርሜሽን ሳይንስ ነው፤ ለዚህ ሥራ ከእርሷ የቀረበ አይገኝም። መዝጋቢው በጣቱ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ተከተለና «ኮምፒውተር ሳይንስ ነው የሚለው፣ እህቴ» ብሎ ወረቀቷን መለሰላት። እርሷም አልተከራከረችም፤ ፋይሉን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ኢንፎርሜሽን ሳይንስ፣ የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ፣ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ እያላችሁ በስም ዘርዝሩ። አንድ መስመር ቢጨምር ነው።

«አማርኛና እንግሊዝኛ መናገር የሚችል»

መናገሩ እዚህ ምን ያደርጋል? የሚያስፈልገው በቋንቋዎቹ መመዝገብ ነው፤ ከባዱ ነገር ያለውም እዚህ ነው። አንባቢ «ሀይል» ብሎ ሲፈልግ «ኃይል» ተብሎ የተመዘገበው ካልመጣለት መጽሐፉ የለም ብሎ ይሄዳል። «ፀሐይ»ን ስንቶቻችን በስንት ዓይነት እንደምንጽፋት አስቡት። ደራሲዎቻችን የቤተሰብ ስም የላቸውም፤ ካታሎጉ የሚጀምረው በራሳቸው ስም ነው፣ ልምድ የሌለው ግን እንደ ፈረንጅ ገልብጦ የአባታቸውን ስም ያስቀድማል። «1995 ዓ.ም.» የሚል የኅትመት ዘመን እንዳለ ከገባ መጽሐፉ ባንዴ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል። የቆየ ዝርዝር ካላችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነ፣ በድሮዎቹ የፊደል ፕሮግራሞች የተተየበው ወደ አዲሱ ሥርዓት ሲገባ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ሐዋሳ ላይ በላቲን ፊደል የሚጻፉ የሲዳምኛ መጻሕፍትም ይጨመራሉ።

ስለዚህ ማስታወቂያው ላይ «የአማርኛ መጻሕፍትን የመዘገበ» የሚል አንድ ሐረግ አስገቡ፤ ለፈተናውም ሦስት መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

«በስምምነት»

ደመወዙን ጻፉት። ካልሆነም መነሻና ጣሪያውን።

«በግንባር በመቅረብ፣ በ10 ተከታታይ የሥራ ቀናት»

የኢንተርኔት ሥርዓት እንዲያስተዳድርላችሁ የምትፈልጉትን ሰው የማይመለስ ኮፒ ይዞ በአካል እንዲመጣ ታደርጉታላችሁ። አዳማ የሚኖር አመልካች በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ አድርጎ ለመመዝገብ ብቻ ይመጣል፣ ለጽሑፍ ፈተና ይመለሳል፣ ለቃለ መጠይቅ ይደግማል። ለምዝገባው ኢሜይል ይበቃ ነበር፤ ኦርጅናሉ የሚታየው ለፈተና ሲመጣ ነው። ቀኑንም ቢሆን «ከወጣበት ቀን ጀምሮ» ከማለት የመዝጊያውን ቀን ከነዓመተ ምሕረቱ አስፍሩ። ማስታወቂያችሁ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ይዞራል፤ ዓመት የሌለው ወረቀት በሚቀጥለው ዓመትም ሰው ያስኬዳል።

«የሙከራ ጊዜ 6 ወር»

በግል ድርጅቶች ማስታወቂያ ላይ አሁንም አየዋለሁ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በሌላ ሕግ ስለሚተዳደሩ የእነርሱን ቀድቶ መለጠፍ አያዋጣም።

ያንን የሐዋሳውን ወረቀት ወዳጄ ለምኖኝ እንደገና ጻፍኩት። የሰው ኃይል ኃላፊው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡትና «መልካም ነው፣ ግን ረዘመ። ጋዜጣው በስፋቱ ነው የሚያስከፍለን» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጋዜጣው ላይ «የቤተ መጻሕፍት ሥርዓት ባለሙያ» የሚለው መጠሪያ፣ ደመወዙ፣ የመዝጊያው ቀንና ዝርዝሩ የሚገኝበት አድራሻ ብቻ እንዲወጣ ተስማማን፤ ሙሉው ሰሌዳውና ቴሌግራሙ ላይ ሆነ። ማኅተሙንም ከስልክ ቁጥሩ ራቅ አድርገው መቱት።