የባንድ ሶው ሞተር ሲንቀጠቀጥ፦ የኔስ ፑሌጃው ነበር

ደሴ፣ ጓሮዬ ያለችው ባንድ ሶው (እንጨት የሚቆርጥ የመጋዝ ማሽን) ስትነሳ ጠረጴዛዋ እጅ ያደነዝዛል። የቆረጠችው ጣውላም ጠርዙ ሸንተረር ይሆናል። መጀመሪያ ከእግሯ ሥር የአሮጌ ጎማ ቁራጭ አደረግኩ፤ ድምፁ ቀነሰ እንጂ መንቀጥቀጡ ያው ነው። ቀጥሎ የሞተሩን ሁለት ኩሽኔታ ቀየርኩ። ብር በላ እንጂ ለውጥ የለም።

በአራተኛው ቀን ነው መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ያደረግኩት። ሞተሩን ከማሽኗ ጋር የሚያገናኘውን ቺንጋ አውጥቼ ሞተሩን ብቻውን አስነሳሁ። አሁንም ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ መጋዙን የሚያዞሩት ትልልቆቹ ጎማዎች የሉበትም። ከሶኬት ነቅዬ ፑሌጃውንም፣ ማለትም ሞተሩ ዘንግ ላይ ያለውን ቺንጋው የሚጠመጠምበትን ክብ ብረት፣ ከዘንጉ ጋር ከሚያያይዘው ሽብልቅ ጋር አወለቅኩ (ሽብልቁን ዘንጉ ላይ አትተዉት፣ ይወነጨፋል)። ደግሜ ሳስነሳው ጭጭ!

ፑሌጃውን መልሼ ምስማር ከጠርዙ አስጠግቼ በእጄ ሳዞረው፣ ክፍተቱ አንዴ ይጠባል አንዴ 2 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል። ለካ ቀዳዳው መሃሉን ስቷል።

ኮምቦልቻ ወርጄ ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቀርጹበት) አዲስ አሠራሁ፤ ቀዳዳውና የቺንጋው ቦይ ብረቱ ከማሽኑ ሳይፈታ አንድ ላይ እንዲወጣ አጥብቄ ነገርኳቸው። ከገጠምኩት በኋላ የሞተሩንና የማሽኗን ፑሌጃዎች በቀጥ ያለ ብረት አሰለፍኩና ቺንጋውን ወጠርኩ። አሁን ማሽኗ እየሠራች የ1 ብር ሳንቲም ጠረጴዛዋ ላይ በጠርዙ ይቆማል።