የመጀመሪያ የዳይቪንግ ዕቃ በትንሽ ብር ስትገዙ

ኢላት (እስራኤል፣ ቀይ ባህር ዳር) የዳይቪንግ፣ ማለትም የባህር ጠለቃ ኮርስ ጨርሳችሁ አሁን ዕቃ ልግዛ ለምትሉ፣ ሙሉውን ባንዴ አትግዙ። ሲሊንደሩን (የአየር ጋኑን) እና ለመጥለቅ የሚታሰረውን የእርሳስ ክብደት ተከራዩ፣ መሸከሙ ራሱ ጣጣ ነው።

መጀመሪያ ማስክ። ዋጋውን ተዉትና ላስቲኩን ሳታስሩ ፊታችሁ ላይ ለጥፋችሁ በአፍንጫ ትንሽ አየር ሳቡ፣ እጃችሁን ስትለቁት ካልወደቀ የናንተ ነው፣ ከወደቀ ግን ሻጩ ምንም ቢላችሁ መልሱለት (ፂም ካላችሁ ትንሽ ውሃ ማስገባቱ አይቀርም)። አዲስ ከሆነ መስታወቱን ከውስጥ በጥርስ ሳሙና ደህና አድርጋችሁ እሹት፣ እኔ ይሄን ሳላውቅ ገብቼ ግማሹን ጉም ብቻ ሳይ ነው የወጣሁት 😅

ቀጥሎ ፊን (እግር ላይ የሚደረገው መቅዘፊያ)፣ የባህሩ ዳር ጠጠር ስለሆነ ከቡት (ከዳይቪንግ ጫማ) ጋር የሚደረገው ይሻላል። ዌትሱት (ከብርድ የሚከላከለው የጎማ ልብስ) 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ የካቲት አካባቢ ውሃው ወደ 21 ዲግሪ ይወርዳል፣ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከዛ የዳይቪንግ ኮምፒውተር (እንደ ሰዓት እጅ ላይ የሚታሰረው)፣ ያላችሁበት ጥልቀት ላይ ስንት ደቂቃ እንደቀራችሁ የሚነግራችሁ እሱ ስለሆነ ቀለሙና ብሉቱዙ ይቅርባችሁ ተራው ይበቃል።

ሬጉሌተር (ከሲሊንደሩ አየር የምትተነፍሱበት) ሰከንድ ሃንድ በርካሽ ስታዩ ያጓጓል፣ ግን የሰርቪሱን ሂሳብ ደምሩበት፣ መቼ ሰርቪስ እንደተደረገ ወረቀት ከሌለው በነፃ ቢሰጧችሁም እለፉት። ቢሲዲ (ለመንሳፈፍ አየር የሚሞላው ጃኬት) ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት በአፍ ንፉትና አሳድሩት፣ ጠዋት ከተነፈሰ ቀዳዳ አለው።