ከበዓሉ በግ ጀምሩ፦ የጥንት እንስሳት አጥንት እንዴት ይጠናል?

ባሕር ዳር ሆናችሁ ከአርኪኦሎጂ ቁፋሮ የሚወጣ የእንስሳት አጥንት ማጥናት ለምትፈልጉ አንድ ምክር አለኝ። መጀመሪያ የራሳችሁን የአጥንት ስብስብ አዘጋጁ። ከመሬት የወጣ ስባሪ የሚለየው ከታወቀ አጥንት ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው።

ለፋሲካ በግ ሲታረድ ብልት ከሚያወጣው ሰው አጠገብ ቁሙ፣ እግሩን ሳይሰበር እንዲሰጣችሁ ለምኑት። ጾታውንና ዕድሜውን ያኔውኑ ጻፉ፤ በኋላ የሚያስታውስ አይገኝም። ሥጋውን ፍቃችሁ ባልዲ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ክደኑት፣ ከቤት ራቅ አድርጉት። ሙቀታችን ያግዛል፤ ውሃውን እየቀየራችሁ ከቆያችሁ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጠራል። ይሸታል፣ ቻሉት። በረኪና ግን በፍጹም! እኔ የመጀመሪያዎቹን በበረኪና አጽድቼ ከወራት በኋላ ሳነሳቸው ላያቸው እንደ ኖራ እጄ ላይ ተፈረፈረ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ፍየልም ያስፈልጋችኋል። የበግና የፍየልን አጥንት መለየት ከባድ ነው፣ ባለሙያዎችም ይቸገሩበታል። ከፊት እግር ጉልበት እስከ ሰኮናው አካባቢ ያለውን ረጅም አጥንት አስተያዩ፤ የበጉ ቀጠን ብሎ ይረዝማል፣ የፍየሉ አጠር ብሎ ሰፋ ይላል። የጎድን ስባሪ ከሆነ ግን አትድረቁ፣ «በግ ወይም ፍየል» ብላችሁ መዝግቡ። የአጥንቱ ጫፍ ገና ካልገጠመ እንስሳው እያደገ ሳለ ነው የሞተው።

ዓሣ ደግሞ ለኛ ለጣና ልጆች የግድ ነው። አፈሩ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ካልተነፋ ጥቃቅኑ አጥንት ከአፈሩ ጋር ይደፋል፣ ከዚያ «እዚህ ሰፈር ዓሣ አይበሉም ነበር» ተብሎ ይጻፋል። ከገበያ አምባዛና ቆሮሶ ገዝታችሁ ጭንቅላታቸውን አስቀሩ። የአምባዛ የራስ ቅል ላዩ በጥቃቅን ጉብታ የተሞላ ነው፤ ዓይን ጨፍኖ በጣት ይለያል።

ጭረት ካያችሁ ባትሪ ከጎን አብሩበት። የቢላ ቀጭንና ሹል ነው፣ የውሻና የጅብ ጥርስ ሰፋ ብሎ ታቹ ይድቦለቦላል። ስትቆጥሩም ተጠንቀቁ፦ 3 የግራና 2 የቀኝ የክንድ አጥንት ቢገኝ ቢያንስ 3 በግ ነበረ ማለት ነው እንጂ 5 አይደለም።

ራሳችሁ ግን እንዳትቆፍሩ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው። ማሳ ላይ አጥንትና የሸክላ ስብርባሪ አብረው ብታዩ ሳትነኩ ፎቶ አንሱ፣ ቦታውን መዝግቡ፣ ለአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ንገሩ።